ምዕራፍ ሰባት፦ የምድጃውና የመሠዊያው ማዕድ

በዋግ ደጋ ከአንድ አውድማ የገባ ስንዴ በሦስት መንገድ ይሄዳል፤ የሚበዛው ወደ ቤት ምድጃ ገብቶ የልጆች ቂጣና ዳቦ ይሆናል፥ ከፊሉ ለማኅበርና ለዝክር ተለይቶ ጎረቤትና ነዳያን ይቀመጡበታል፥ ከሁሉ የሚያንሰው ደግሞ ንጹሑ ተመርጦ የቁርባኑ ኅብስት ወደሚዘጋጅበት ወደ ቤተ ልሔም ይወሰድና በመሠዊያው ላይ ቅዱስ ቁርባን ይሆናል። እነዚህን ሦስት ማዕዶች እየነጣጠለ የሚመለከት ሰው የመጀመሪያውን ለሐኪም፥ ሁለተኛውን ለአገር ሽማግሌ፥ ሦስተኛውን ለካህን ትቶ ሊያርፍ ይችላል። የዚህ ምዕራፍ ዓላማ ግን ሦስቱ ማዕዶች አንድ መሆናቸውን፥ አንዱ ሲጎድል ሁለቱም እንደሚጎድሉ፥ ስለዚህም በዋግ ምድር ሕፃን እንዳይራብ መትጋት ከቅዳሴው የሚከተል ክርስቲያናዊ ግዴታ መሆኑን ማስረዳት ነው።

ስለ ምድሩና ስለ ፍሬው

ዋግ ኽምራ በአማራ ክልል በስተሰሜን ምሥራቅ የሚገኝ፥ ርእሰ ከተማው ሰቆጣ የሆነ፥ የአገው ኽምራ ሕዝብ ኽምጣጛና አማርኛ እየተናገረ የሚኖርበት የተራራና የሸለቆ አገር ነው። ከዛጉዌ ነገሥታት ዘር የሚቆጠሩት ዋግሹሞች ለብዙ ዘመን ያስተዳደሩት ይህ ምድር በድሃናና በጋዝጊብላ በኩል ወደ ደጋው ብርድ ይወጣል፥ በዝቋላ፥ በሰሃላና በአበርገሌ በኩል ደግሞ ወደ ተከዜ ቆላ ይወርዳል። ደጋው ገብስ፥ ስንዴ፥ ባቄላና ምስር ይሰጣል፤ ወይና ደጋው ጤፍና ሽምብራ፥ ቆላው ማሽላ ያበቅላል፤ የአበርገሌ ፍየልና የሰቆጣ ነጭ ማር ስማቸው ከአውራጃው ወሰን አልፎ የታወቀ ነው። የተከዜ ግድብ በ2002 ዓ.ም. ተመርቆ ውኃው ወደ ኋላ ከተኛ ወዲህም የወንዙ ዳር ወጣቶች መረብ እየጣሉ ዓሣ ለገበያ ማቅረብ ጀምረዋል።

ይህን ሁሉ የሚሰማ ሰው አገሩን የጥጋብ አገር አድርጎ እንዳያስበው ግን፥ አፈሩ ከጥንት ጀምሮ ሲታረስ በመኖሩ የሳሳ፥ ቁልቁለቱ ጎርፍ የሚያጥበው፥ ዝናሙም ብዙ ጊዜ ዘግይቶ ገብቶ ፈጥኖ የሚወጣ መሆኑን መናገር ይገባል። ገበሬው የዘራው ሳያፈራ ዝናሙ የቆመበት ዓመት ብዙ ነው፤ በዚህ ምክንያት የዋግ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ የተማረው ትምህርት ጥቂቱን ነገር አሟልቶ መብላትን ነው።

የምድጃውም ጥበብ ከዚሁ ትምህርት የተገኘ ነው። አንዲት እናት የማሽላውን ወይም የገብሱን ዱቄት አቡክታ፥ እርሾ ጨምራ ሁለትና ሦስት ቀን ስታቆየው፥ ሊጡ ኮምጥጦ እንጀራው ዓይን እንዲያወጣ ብቻ የምታደርግ ሊመስላት ይችላል፤ ነገር ግን በእህሉ ውስጥ ፋይቴት የሚባል፥ ብረትንና ዚንክን አሥሮ ከሰውነት የሚከለክል ነገር አለና፥ በእርሾው ውስጥ ያሉት ደቂቃን ሕዋሳት ይህን ማሠሪያ ከፊሉን ይፈቱታል። እንጀራውን በሽሮ ወጥ ወይም በምስር ስትበላው ደግሞ ሁለተኛ ጥበብ ትፈጽማለች። ሰውነታችን ራሱ ሊሠራቸው የማይችል፥ ከምግብ ብቻ የሚያገኛቸው የፕሮቲን ክፍሎች ዘጠኝ ናቸው፤ ከእነርሱም አንዱ ላይሲን የተባለው በእህል ውስጥ ጥቂት፥ በጥራጥሬ ውስጥ ብዙ ነው፥ ሌላው ሜቲዮኒን የተባለው ደግሞ በጥራጥሬ ሲያንስ በእህል ይገኛል። እንግዲህ እንጀራና ሽሮ በአንድ መሶብ ሲቀርቡ የአንዱን ጉድለት ሌላው ይሞላዋል፤ ይህንም አያቶቻችን ያለ መጻሕፍትና ያለ መመርመሪያ መሣሪያ፥ በትውልድ ልምድ ደርሰውበታል።

ጨውም በዚህ ምድር ታሪክ የራሱ ስፍራ አለው። ከአፋር የጨው ሜዳ ተቆርጦ በግመልና በአህያ ተጭኖ የሚወጣው አሞሌ ከሚራገፍባቸው ታላላቅ ገበያዎች አንዷ ሰቆጣ ነበረች፤ ከዚያም ነጋዴዎች ወደ ላስታና ወደ በጌምድር ያሻግሩት ነበር። አሞሌ በኪስ ሲሆን ገንዘብ፥ በድስት ሲሆን ማጣፈጫ ሆኖ አገርን ከአገር ያገናኘ የንግድ ሥር ነበረ። ነገር ግን ተራራማ አገር ለዘመናት በጎርፍ ሲታጠብ አዮዲን የተባለው ንጥረ ነገር ከአፈሩ ስለሚጠፋ፥ በደጋ አገር እንቅርት ይበዛል፤ ነፍሰ ጡር ሴት አዮዲን ስታጣም የፅንሱ አእምሮ ይጎዳል። ስለዚህ በ2003 ዓ.ም. ለምግብ የሚውል ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲጨመርበት በአገራችን መደንገጉ፥ በደጋ ላይ ለሚወለድ ሕፃን ታላቅ ጥቅም ያለው ሥራ ነው።

ስለ ቤተ ልሔም

ከሰቆጣ ከተማ ጥቂት ራቅ ብሎ ከአለት የተፈለፈለው ውቅር መስቀለ ክርስቶስ እንደሚመሰክረው፥ የዚህ አገር ሰው አምላኩን ለማምለክ ድንጋይን እንኳ እንደ እንጨት ጠርቦአል። በጎረቤት በላስታ ደግሞ ንጉሥም ካህንም የነበረው ቅዱስ ይምርሐነ ክርስቶስ፥ ሲቀድስ ኅብስቱና ወይኑ ከሰማይ ይወርድለት እንደነበር ይተረካል። ለቀረነው ምእመናን ግን የመሠዊያው ኅብስት በበሬ ጫንቃና በገበሬ ላብ በኩል ያልፋል፤ ያም ራሱ ከሰማይ የወረደ ዝናም ያበቀለው ስለሆነ ከመደነቅ የሚያንስ አይደለም።

ኅብስቱ የሚዘጋጅበትን ሥርዓት ቀርቦ የተመለከተ ሰው፥ ቤተ ክርስቲያን ስለ ምግብ ያላትን ክብር ሁሉ በዚያች ትንሽ ቤት ውስጥ ያገኘዋል። ምእመናን መባ አድርገው ያመጡት ስንዴ ድንጋዩና እንክርዳዱ ይለቀማል፥ የተሰበረውና ነቀዝ የነካው ይወገዳል፥ ከተፈጨም በኋላ ዱቄቱ በጥንቃቄ ይነፋል። ዲያቆኑ በንጽሕና ሆኖ ያቦካዋል፥ በላዩም የመስቀል ምልክት ያትምበታል፥ ከዚያም ይጋግረዋል። ዘቢቡ ታጥቦ በውኃ ይዘፈዘፋል፥ ከራሰም በኋላ ተጨምቆ ወይን ይሆናል። ኅብስቱ በመሶበ ወርቅ ሆኖ፥ ጃንጥላ ተዘርግቶለት፥ ቃጭል እየተቃጨለ ወደ መቅደስ ሲገባ ሕዝቡ ይሰግዳል። ያን ጊዜ የሚሰግደው ገበሬ ምናልባት በኅዳር ያጨደው፥ ሚስቱ በእጇ የለቀመችው ስንዴ በዚያ መሶብ ውስጥ ይኖራል። በቅዳሴውም ውስጥ ካህኑና ዲያቆኑ ስለ ዝናም፥ ስለ ወንዝ ውኃና ስለ ምድር ፍሬ የሚያደርሱት ጸሎት አለ፤ ይህም የእርሻው ነገር ከመቅደሱ ውጭ ተጥሎ እንዳልቀረ ያሳያል።

በዚህ ሥርዓት ውስጥ ሁለት ነገሮች በተለይ ሊታሰቡ ይገባል። አንደኛው፥ የዕለቱ ኅብስት ለዕለቱ ብቻ መሆኑ ነው፤ ለማግስቱ አያድርም፥ ማንም ሰው ለራሱ አያከማቸውም፥ ባለጸጋውም ድኻውም የሚቀበለው ልኩ አንድ ነው። ሁለተኛው፥ ሕፃን ወንድ በ40 ቀኑ፥ ሕፃን ሴት በ80 ቀኗ ሲጠመቁ በዚያው ዕለት ቅዱስ ቁርባን መቀበላቸው ነው። ገና ጥርስ ያላወጣውን፥ ከእናቱ ጡት በቀር ሌላ ምግብ የማያውቀውን ሕፃን ቤተ ክርስቲያን ከታላላቆቹ አስቀድማ ወደ ማዕዷ ታቀርበዋለች። ታናሹ አስቀድሞ እንዲጠግብ የመሠዊያው ሥርዓት እንዲህ ከወሰነ፥ በቤት መሶብ ላይ ታናሹ የመጨረሻውን ትራፊ እንዲበላ መተው ከዚህ ሥርዓት ጋር ሊስማማ አይችልም።

ስለ ሰንበቴ፥ ስለ ማኅበርና ስለ ዝክር

ሐዋርያው ቅዱስ ጳውሎስ የቆሮንቶስ ክርስቲያኖችን የገሠጸው፥ በአንድነት ተሰብስበው ሳለ አንዱ ጠግቦ ሌላው ተርቦ በመገኘቱ ነበር። የአገራችን አባቶች ይህን ተግሣጽ በቃል አጥንተው ብቻ አልቀሩም፥ ሥርዓት አበጁለት እንጂ። እሑድ ቅዳሴ ሲያልቅ የሰንበቴ አባላት ተራ የደረሰባቸው ዳቦውንና እንጀራውን በአገልግል፥ ጠላውን በእንስራ ይዘው በአጸደ ቤተ ክርስቲያን ወደ ሰንበቴው ቤት ይገባሉ፤ ካህኑ ጸሎት አድርሶ ዳቦውን ባርኮ ይቆርሳል፤ ከአባላቱ ጋር በደጀ ሰላሙ የተቀመጡት ነዳያንም ይበላሉ፥ ከሩቅ የመጣ መንገደኛም ቢኖር ቤቱ የት ነው ሳይባል ድርሻውን ያገኛል። የጽዋ ማኅበሩም በየወሩ፥ በ12 የቅዱስ ሚካኤል፥ በ21 የእመቤታችን፥ በ27 የመድኃኔ ዓለም እየተባለ በየቤቱ ይዞራል፤ ጽዋውን ዛሬ ያወጣ ለሚቀጥለው ተረኛ ያስረክባል፥ የማኅበሩም ሙሴ የተጣላውን ያስታርቃል፥ የቀረውን ይጠይቃል። በሬው የሞተበት፥ ሚስቱ የታመመችበት፥ ተራው ደርሶ ጋን የሚጥልበት እህል ያጣ አባል ቢኖር ባልንጀሮቹ አዋጥተው ያወጡለታል እንጂ ከማኅበሩ አይጎድልም።

ማዕድ በዚህ አገር የመታመኛ ስፍራም ነው። ከአንድ መሶብ የቆረሱ ሰዎች በማግሥቱ በወሰን ቢከራከሩ እንኳ የበሉት እንጀራ ይዳኛቸዋል፤ ቂም የያዘ ሰው ጽዋውን ሊቀምስ አይደፍርም፥ እንዲቀምስም አስቀድሞ ይታረቃል። የፍልሰታ ጾም በሚፈታበት ዕለት፥ ነሐሴ 16 ቀን የሚጀምረው የልጃገረዶቹ የሻደይ በዓልም ከዚሁ ሥር የበቀለ ነው፤ ሻደይ የተባለውን ቄጠማ በወገባቸው የታጠቁት ልጃገረዶች ከበሮ እየመቱ ከቤተ ክርስቲያን ወደ ሰፈር ሲዞሩ፥ እያንዳንዱ ቤት ያለውን ይሰጣቸዋል፤ በጋራ የተሰበሰበውንም በጋራ ይደሰቱበታል።

ሆኖም ለሥርዓቱ ያለኝ ፍቅር እውነትን አያስቀርምና፥ ማዕዱ ከዓላማው የሚስትበት ጊዜ መኖሩን ሳልናገር አላልፍም። ለሞተ ዘመድ በ40 ቀን የሚደረገው ተዝካር፥ ነዳያን እንዲበሉና ካህናት እንዲጸልዩ የተሠራ መሆኑ ቀርቶ የክብር መወዳደሪያ በሆነ ጊዜ፥ ባሏ የሞተባት ሴት ለዘር የተቀመጠውን እህል ፈጭታ፥ ያረሰበትን በሬ ሸጣ፥ ከአራጣ አበዳሪ ተበድራ ድግሱን ታወጣለች፤ በሚከተለውም ክረምት ልጆቿ ይራባሉ። የሟቹ ነፍስ በልጆቹ ረሀብ አታርፍም። በአንድ እንቅብ ቆሎና በአንድ ዳቦ የተደረገ ዝክር፥ በቅን ልቡና ከሆነ፥ ከብዙ ጋን ጠላ ይልቅ በእግዚአብሔር ፊት የከበረ መሆኑን ካህናቱ በድፍረት ሊያስተምሩ ይገባል።

ስለ ጾም

የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሰባት አጽዋማት አሏት፤ ዐቢይ ጾም 55 ቀን፥ ጾመ ፍልሰታ ከነሐሴ 1 ጀምሮ 15 ቀን፥ ጾመ ነነዌ 3 ቀን ሲሆኑ፥ ጾመ ነቢያት፥ ጾመ ሐዋርያት፥ ገሃድና የረቡዕና የዓርብ ጾም ይጨመሩባቸዋል። በእነዚህ ቀኖች ምእመናን ከሥጋ፥ ከወተት፥ ከቅቤና ከእንቁላል ተከልክለው፥ እስከ ተወሰነው ሰዓትም ከምግብ ሁሉ ተጠብቀው፥ ከዚያ በኋላ በሽሮ፥ በምስር፥ በተልባና በሱፍ ይኖራሉ። የጾም ፍሬ ነገሩ ሦስት ነው፤ ሥጋ ለነፍስ እንዲታዘዝ፥ ጥጋበኛው የተራበውን እንዲያስበው፥ ከአፉ የቀነሰውንም እንዲሰጠው። ነቢዩ ኢሳይያስ እግዚአብሔር የመረጠው ጾም እንጀራን ለተራበ መቁረስ መሆኑን ያስተማረው ስለዚህ ነው፤ የምሳውን ዋጋ በኪሱ ያስቀረ ጾመኛ ገንዘብ ቆጥቦአል እንጂ አልጾመም።

አሁን ግን ስለ ዋግ ምድር ብዙ ጊዜ የማይስተዋል አንድ ነገር ላስረዳ። ዐቢይ ጾም ከመኸር በኋላ ስለሚውል ጎተራው ገና እህል አለው፤ ጾመ ፍልሰታ ግን በነሐሴ፥ አሮጌው እህል አልቆ አዲሱ ገና በማሳ ሳለ፥ የረሀቡ ወር በሚባለው በክረምቱ ልብ ላይ ይውላል። በጎልማሳው ላይ ይህ ትዕግሥትን ይጨምራል፤ የአንድ ዓመት ልጅ ግን ከጎተራው ማነስና ከጾሙ ድስት በአንድነት ይጎዳል። እናቲቱ ልጇን ለማጾም አስባ አይደለም፤ ነገር ግን በቤቱ አንድ ድስት ብቻ አለ፥ ያም የጾም ድስት ነውና እንቁላል እንዳይነካው ትፈራለች፥ ወተቱንም ለጾሙ መፍቻና ለቅቤ እያለች ታስቀምጠዋለች። ሕፃኑ ደግሞ ከተወለደ 6 ወር ካለፈው በኋላ የእናቱ ጡት ብቻውን አይበቃውም፤ ቫይታሚን ቢ12 የሚባለው ለደምና ለአንጎል የሚያስፈልገው ንጥረ ነገር በአትክልትና በእህል ውስጥ አይገኝምና፥ በእንቁላል፥ በወተት፥ በሥጋ ወይም በዓሣ መልክ ሊመጣለት ይገባል።

ቤተ ክርስቲያን ይህን እናት በዚህ ጭንቀት አልተወቻትም። ከሰባት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት ለጾም አይገደዱም፤ የታመመ፥ የወለደች፥ ነፍሰ ጡርና የምታጠባ ሴት እንደ አቅማቸው በንስሐ አባታቸው ምክር ይፈታላቸዋል። ይህ ርኅራኄ በሥርዓቱ ውስጥ ያለ እንጂ ከውጭ ገብቶ የሚለመን አዲስ ነገር አይደለም። የሚጎድለው የሚነገርበት አፍ ነው፤ ባለሙያ ሐኪም ዐሥር ጊዜ ከሚነግራት ይልቅ የንስሐ አባቷ አንድ ጊዜ ቢነግራት እናቲቱ ታምናለች።

ስለ ክፉ ዘመናት

ስለ ሕፃኑ ረሀብ የተናገርሁት ማስጠንቀቂያ ከንቱ ያልሆነው የዋግ ምድር ረሀብን በስሙ ስለሚያውቀው ነው። ከ1880 ጀምሮ ለጥቂት ዓመታት የቆየውና ክፉ ቀን የተባለው ዘመን፥ የከብት እልቂት በሬውን፥ ድርቅና አንበጣ አዝመራውን ወስደው በመላ አገሪቱ ስፍር ቁጥር የሌለው ሕዝብ ያለቀበት ነው። በሬ ሲጠፋ እርሻ ይቆማል፥ እርሻ ሲቆም ዘር ይበላል፥ ዘር ሲበላ ቀጣዩ ዓመትም አስቀድሞ የተበላ ይሆናል። በ1966 በወሎ፥ በ1977 ደግሞ በመላው ሰሜን በደረሱት ረሀቦች፥ ዋግ ክፉኛ ከተጎዱት አውራጃዎች አንዱ ነበር፤ በ1977 ድርቁ ከጦርነቱ ጋር ስለተገናኘ ብዙ ቤተ ሰቦች ቤታቸውን ዘግተው፥ የቻሉትን ልጅ አዝለው ወደ ኮረም የእርዳታ መጠለያ በእግራቸው ተጓዙ። በቅርቡም በሰሜኑ ጦርነት ከአበርገሌ የተፈናቀሉ ወገኖች ሰቆጣ ሲደርሱ፥ ራሱ የሚበላው የቸገረው የከተማው ሕዝብ በሩን ከፍቶ ያለውን አካፍሎአቸዋል። ማኅበርና ሰንበቴ በደኅናው ዘመን ያስተማሩት ትምህርት በክፉው ዘመን እንዲህ ይፈተናል።

ሆኖም የጎረቤት ደግነት ብቻውን ድርቅን ሊመልስ አይችልም፤ ሁሉም በአንድነት ሲቸገሩ ከማን ይበደራሉ? ስለዚህ የምንጭ ውኃ የሚጠለፍበት፥ ቁልቁለቱ በእርከን የሚያዝበት፥ የዘር እህል የሚጠበቅበት የመንግሥትና የማኅበረሰብ ሥራ ለማዕዱ እንደ ጸሎቱ አስፈላጊ ነው።

ስለ ቃል ኪዳኑ

በሐምሌ 2007 ዓ.ም.፥ በአዲስ አበባ ሦስተኛው ዓለም አቀፍ የልማት ፋይናንስ ጉባኤ በተደረገ ጊዜ፥ የኢትዮጵያ መንግሥት ዕድሜያቸው ከሁለት ዓመት በታች የሆኑ ሕፃናትን መቀንጨር እስከ አውሮፓውያን 2030 ለማስወገድ ቃል ገባ፤ ይህም የሰቆጣ ቃል ኪዳን ተባለ፥ ሥራውም በተከዜ ተፋሰስ ባሉ የአማራና የትግራይ ወረዳዎች ተጀመረ። በ2008 ዓ.ም. የተደረገው የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት እንዳሳየው፥ ከአምስት ዓመት በታች ካሉት የኢትዮጵያ ሕፃናት ከመቶው 38ቱ፥ በአማራ ክልል ደግሞ ከመቶው 46ቱ ቀንጭረው ነበር። መቀንጨር ማለት ቁመት ማጠር ብቻ አይደለም፤ ከፅንስ ጀምሮ እስከ ሁለተኛው ዓመት ልደት ባሉት 1000 ቀናት ውስጥ ያልተመገበ ልጅ አንጎሉም እንደሚገባው አያድግም፥ በትምህርት ቤትም ይደክማል፥ ጎልምሶም በእርሻው ላይ ጉልበት ያንሰዋል። ያለፈው ጊዜ በኋላ በጥጋብ አይካስም።

በዚህ ሥራ ላይ የጤና ባለሙያው፥ የግብርና ባለሙያውና የውኃው መሐንዲስ የየድርሻቸውን ይይዛሉ፤ የካህኑ ድርሻ ግን በሌላ ሊተካ አይችልም። በየአጥቢያው ያለ የንስሐ አባት በሐምሌ መጨረሻ፥ ፍልሰታ ከመግባቱ በፊት ባለችው እሑድ፥ ከቅዳሴ በኋላ ቆሞ፥ ሕፃናትና የሚያጠቡ እናቶች እንዲመገቡ፥ ለሕፃኑ የሚሆን ትንሽ ድስት በየቤቱ እንዲለይ፥ እንቁላልና ወተት ያለው ጎረቤትም ለሌለው ሕፃን እንዲያካፍል ቢናገር፥ የሰንበቴውም አባላት ከሚያወጡት ዳቦ ጋር ለነፍሰ ጡርና ለእመጫት ድኾች የሚሆን ሽሮና ምስር በየወሩ ቢያዋጡ፥ ይህ ሁሉ አዲስ ገንዘብና አዲስ መሥሪያ ቤት ሳይጠይቅ ነገ ሊጀመር ይችላል። ቅዱስ ቁርባንን የሚቀበል ሕዝብ የተራበ ሕፃን በአጥቢያው ሳለ የበላው እንደሚስማማው አድርጎ ራሱን ማታለል የለበትም፤ የሚጾምም ሰው የተዋትን እንጀራ ማን እንደበላት ማወቅ ይገባዋል።